ክለባችን ኦታዋ ቀረ፤ ለዚህ ላበቃችሁን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን

በቅድሚያ ይህን ቀን ያሳየን አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። የካናዳዋ ዋና ከተማ የበረዶ ሆኪ ክለብ ኦታዋ ሴናተርስ ተሸጠ፣ ግን ወደ ሌላ ከተማ አልሄደም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 ውሉ ሙሉ በሙሉ ተፈርሞ ክለቡም አዳራሹ ኮሬል ሴንተርም በአቶ ዩጂን ሜልኒክ እጅ ገብተዋል። ባለቤቴ በዚያ አዳራሽ የምግብ ክፍል ውስጥ ስለምትሠራ ዜናውን ቀድማ የሰማችው እርሷ ነበረች። በስልክ ስትነግረኝ ድምፅዋ ተቆራረጠ፤ እኔም መልስ አጥቼ ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ያሳለፍነውን የበረዶ ወቅት ሁላችሁም ስለምታውቁት መዘርዘር አልፈልግም። በጥር ክለቡ ከ160 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተሸክሞ ፍርድ ቤት ገባ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን እያንዳንዳችን በየቤታችን ኖረነዋል። አገር ቤት ላላችሁ ዘመዶቼ ብቻ አንድ ነገር ልበል። ደውላችሁ «ክለብ እንዴት ከተማ ይቀይራል?» እያላችሁ ስትጠይቁኝ ነበር፣ እውነታችሁን ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከስሮ ተሸጠ፣ ስሙን ቀይሮ ሌላ አገር ሄደ ቢባል ማን ያምናል? በሰሜን አሜሪካ ግን ክለብ የባለቤቱ ንብረት ነው፤ ሊጉ (ኤንኤችኤል የሚባለው የሆኪ ሊግ) ከፈቀደ ዕቃውን ጠቅልሎ ይነሣል። ዊኒፔግ ጄትስ በ1996 ወደ ፊኒክስ ሄዷል። የኦታዋ የቀድሞው ሴናተርስ ራሱ፣ በ1917 ሊጉን ከመሠረቱት አንዱ የነበረው ክለብ፣ በ1934 ወደ ሴንት ሉዊስ ተወስዶ በዓመቱ ፈርሷል። ይህች ከተማ ከዚያ በኋላ እስከ 1992 ድረስ 58 ዓመት በሊጉ ውስጥ ክለብ አልነበራትም። ስጋታችን ከየት እንደመጣ ይህ ብቻ ይነግራችኋል። (ዓ.ም. ካልኩት በቀር የጠቀስኳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ። እማማ፣ የመጀመሪያው ለእርስዎ ነው።

ስምዎን እንዳልጽፍ ቃል አስገብተውኛልና አልጽፍም። ልጆቼ እንደሚጠሩዎት ብቻ እጠራዎታለሁ። ይህን ጽሑፍም ትልቋ ልጄ ወደ ፈረንሳይኛ መልሳ ታነብልዎታለች።

ከአዳራሹ በላይኛው ረድፍ፣ ከእኛ ቀጥሎ ያለው ወንበር የእርስዎ ነው። ከወንዙ ማዶ ከጋቲኖ እየነዱ፣ በዚያ ብርድ ከመሀል ከተማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው አዳራሽ ይመጣሉ። እኛ ስንተዋወቅ ስለ ሆኪ የማውቀው ነገር አልነበረም። አጥቂው ከፓኳ (እንደ ኳስ ከምትመታው ጠፍጣፋ የጎማ ክብ) ቀድሞ ሰማያዊውን መስመር ሲያልፍ ዳኛው ለምን ፊሽካ እንደሚነፋ፣ በረኛው በመጨረሻው ደቂቃ ለምን ሜዳውን ለቆ እንደሚወጣ፣ ቅጣት የተሰጠው ተጫዋች ለምን ለብቻው እንደሚቀመጥ ሁሉንም ከእርስዎ ተማርኩ። ሳይሰለቹ ነው ያስተማሩኝ። የሰው አገር ሰው ነህ፣ ይህን አታውቅም የሚል ፊት አንድም ቀን አላየሁብዎትም።

እርስዎ የኬቤክ ከተማ ልጅ ነዎት፤ የከተማይቱ ሆኪ ክለብ የኖርዲክስ ደጋፊ ነበሩ። ክለቡ በ1995 ወደ ዴንቨር ተሸጦ ሲሄድ እዚያው ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ያው ቡድን ኮሎራዶ አቫላንች ተብሎ የሊጉን ዋንጫ ስታንሊ ካፕን ሲያነሣ በቴሌቪዥን እንዳዩት የነገሩኝ በጥር ወር ነው፣ ሁላችንም «ክለባችን ይሄድ ይሆን?» የምትለዋን አንዲት ጥያቄ ይዘን በተቀመጥንበት ሰሞን። ያንን ሁሉ ችለው ስለ ሌላ ክለብ እንደገና መጨነቅ እንዴት እንደቻሉ እስካሁን ይገርመኛል። ሌላ ሰው ቢሆን «እኔ አንዴ ቀብሬያለሁ» ብሎ ይተው ነበር።

በክፍለ ጊዜዎች መካከል የነበረው ክርክር ትዝ ይላችኋል? የ417 አውራ ጎዳና ተጨናንቆ መኪና በቆመበት ሁሉ፣ ቡና በሚሸጥበት ሰልፍ ሁሉ ክርክር ነበር። አንዱ ወገን «ያለቀ ነገር ነው፤ አንድ የአሜሪካ ከተማ ባዶ አዳራሽ ይዞ እየጠበቀ ነው» ይላል። ሌላው «ሊጉ አይፈቅድም፤ በ1998 የኤድመንተን ባለሀብቶች ተሰባስበው ክለባቸውን ኦይለርስን አላስቀሩትም ወይ?» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ለሆስፒታል ገንዘብ በሌለበት አገር ሚሊየነሮች የሚጫወቱበት ክለብ ቢሄድስ?» ይል ነበር። እነዚህን የመጨረሻዎቹንም አመሰግናቸዋለሁ። በዚህ ጉዳይ ባልስማማቸውም ጥያቄያቸው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። የፌዴራል መንግሥቱ በ2000 ለካናዳ ክለቦች ድጎማ እሰጣለሁ ብሎ በሦስት ቀን ውስጥ የተወው እኮ ሕዝቡ ይህንኑ ስለጠየቀ ነው።

እማማ ከፕላስቲክ ቦርሳዎ ውስጥ የጋዜጣ ቁራጮች ያወጣሉ። ፍርድ ቤቱን የሚመለከተው ዐረፍተ ነገር በቀይ እርሳስ ተሰምሮበታል፤ በጠርዙ ላይ በትንንሽ ፊደል የእርስዎ ማስታወሻ አለ። መነጽርዎን ወደ አፍንጫዎ ጫፍ አውርደው ያነባሉ፣ የሚከራከረውም ሰው ወደ እርስዎ ጎንበስ ይላል። ዋናው ችግር ደጋፊ ማጣት ሳይሆን ተጫዋቾች በአሜሪካ ዶላር እየተከፈላቸው ገቢው በካናዳ ዶላር መሆኑን ያስረዱን እርስዎ ነዎት። የእኛ ዶላር በ2002 መግቢያ ወደ 62 የአሜሪካ ሳንቲም ወርዶ ነበር። በዚያ ላይ የአዳራሹ ብድር፤ ከአውራ ጎዳናው ወደ አዳራሹ የሚያስገባው መገናኛ መንገድ ወጪ እንኳ የወደቀው በራሳቸው በአዳራሹ ባለቤቶች ጫንቃ ላይ ነው። ይህን ስንሰማ በከተማችን ማፈራችንን አቆምን። ለሰው ክብሩን መመለስ ቀላል ነገር አይደለም፣ እማማ።

ቀጥሎ የትኬቱ ነገር መጣ። ለሚቀጥለው የውድድር ዘመን ክፈሉ ተባለ። ብዙ ሰው «ባለቤቱ ሳይታወቅ አንከፍልም» አለ፤ ክለቡ ቢሄድ ከባንኮቹና ከትልልቆቹ አበዳሪዎች ኋላ ተሰልፎ ገንዘቡን የሚጠይቀው ደጋፊ ነውና በስሌት ከሄድን ልክ ነበሩ። እርስዎም ልክ እንደሆኑ አልካዱም። «ነገር ግን ሊገዛ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ሰው የዓመት ትኬት ይዟል ብሎ ነው፤ እኛ እጃችንን ከሰበሰብን እንዲሄድ የፈረድንበት እኛው ነን» አሉ። ኬቤክ ላይ ያላደረግሁትን እዚህ አደርጋለሁ ብለው ከፈሉ። ከጡረታዎ ላይ ነው የከፈሉት።

የእኛንም ልጆች ወንበር ከፈሉ። ይህን እንዳልናገር ነግረውኝ ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ይህንን ግን መዋጥ አልቻልኩም። የባለቤቴ የሥራ ሰዓት ይቀጥል አይቀጥል በማይታወቅበት ጊዜ እኛ ለመተው ወስነን ነበር። ደረሰኙን በልጄ ኮት ኪስ ውስጥ ከትተውት ቤት ገብተን አገኘነው። ልንመልስልዎ ብንለፋም እስከ ዛሬ እጅዎን አልዘረጉም። እናቴ በሕይወት ብትኖር ኖሮ እግርዎ ላይ ወድቃ ታመሰግንዎ ነበር። እኔ ደግሞ በአደባባይ እንዲህ እላለሁ፦ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ በልጆቼ ፊት አያት ሆነውልኛል።

በዚህ ነሐሴ መብራት ከአብዛኛው ኦንታሪዮ የጠፋ ዕለት ማታ ደግሞ በዚያ ጨለማ፣ የትራፊክ መብራት በሌለበት መንገድ እየነዱ ደህንነታችንን ለማየት መጡ። ጎረቤቶቻችን ሁሉ ደጅ ወጥተው ተቀምጠው ነበር። ባለቤቴ በከሰል ቡና አፈላች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያ ሁሉ ሰው በጨለማ ውስጥ ስለ አዳራሹ ውልና ስለ አበዳሪዎቹ ሲከራከር ሰማሁ፤ መካከል ላይ ያሉት እርስዎ ነበሩ። ሆኪ ዓይቶ የማያውቀው ሶማሌው ጎረቤታችን እንኳ ሜልኒክን ደግፎ ተከራከረ።

ወደ ሌሎቹ ልለፍ፤ አለበለዚያ ይህ ጽሑፍ አያልቅም።

ለተጫዋቾቹ፦ ደመወዛችሁ በጊዜው ሳይገባ በሜዳው ላይ የሰጣችሁን ማንም አይረሳውም። በኪሳራ ውስጥ ያለ ክለብ 113 ነጥብ ይዞ በመደበኛው ውድድር ከሁሉ በላይ ነጥብ ላገኘ የሚሰጠውን የፕሬዚዳንቶችን ዋንጫ ወሰደ። አምበላችን ዳንኤል አልፍሬድሰን፣ 45 ግብ ያስቆጠረው ማሪያን ሆሳ፣ ያ ግንብ የመሰለው ዝዴኖ ቻራ፣ በረኛችን ፓትሪክ ላሊም፣ አሠልጣኙ ዣክ ማርቲን፣ ሁላችሁም። በሰባት ጨዋታ በሚለየው የምሥራቅ ምድብ ፍጻሜ በኒው ጀርሲ ክለብ በጨዋታ 3 ለ 1 ተመርታችሁ ሦስት ለሦስት አደረሳችሁት፤ ክሪስ ፊሊፕስ በጭማሪ ሰዓት ያገባት ግብ አሁንም በጆሮዬ ትጮኻለች። ስለ ሰባተኛው ጨዋታ ምንም አልልም። የተሸነፍንባት ግብ ስትገባ ሁለት ደቂቃ ብቻ ቀርቶት ነበር። ይብቃኝ።

ለረዳት አሠልጣኙ ለሮጀር ኒልሰን ግን ለብቻው ልጽፍ ይገባኛል። በሰኔ ወር አረፉ። ለዓመታት ከካንሰር ጋር እየታገሉ ሥራቸውን አላቋረጡም። እኛ ስለ ክለብ ዕዳ ስንጨነቅ እርሳቸው በዚያ ሕመም ውስጥ ሆነው ወጣት ተጫዋቾችን ያስተምሩ ነበር። ክለቡ ኦታዋ መቅረቱ ተረጋግጦ ውሉ ሲዘጋ አላዩም። ይህ ያንገበግበኛል። ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን።

ለቀድሞው ባለቤት ለአቶ ሮድ ብራይደን፦ ክለቡ ከእጅዎ ወጣ። ቢሆንም ሊወስዱት በሚፈልጉ ሰዎች ዘመን ሁሉ እዚሁ ያቆዩት እርስዎ ነዎት፤ ይህንን የማይናገር ሰው ፍርድ አጓደለ እላለሁ። ለአቶ ሜልኒክ ደግሞ፦ ከዩክሬን የመጡ ስደተኞች ልጅ ነዎት። ስደተኛ ቤተሰብ ለሆንን ለእኛ ይህ ትርጉም አለው። አዳራሹንም ክለቡንም አብረው መግዛትዎ ክለቡ በቀላሉ እንዳይነሣ መሠረት ጥሎለታልና እናመሰግናለን። ቃልዎን ያጽናልዎ።

ገንዘባቸው ሳይከፈል ወራት ለጠበቁ የኦታዋ ትንንሽ ነጋዴዎች፣ በአዳራሹ ለሚሠሩ የጽዳት፣ የጥበቃ፣ የምግብና የበረዶ ማለስለሻ ሠራተኞች፣ በሌሊት ወደ ቤታችን ለመለሱን የአውቶቡስ ሾፌሮች በጅምላ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ከእኛ በቀናት ልዩነት ፍርድ ቤት ለገባው የቡፋሎ ሴበርስ ደጋፊዎችም እንኳን ደስ አላችሁ፤ በየዜናው የእናንተንም ስም እየፈለግን ነበር።

በኦታዋ ለምትኖሩ ኢትዮጵያውያን ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ «ዛሬስ ምን ተባለ?» እያላችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ በምግብ ቤታችሁ ቴሌቪዥኑን ከእግር ኳስ ወደ ሆኪ ለቀየራችሁልኝ፣ ልጆቼን በእኔ ፈንታ ትምህርት ቤት ላደረሳችሁልኝ እግዚአብሔር ውለታችሁን ይክፈል። ስማችሁን በዝርዝር ያልጻፍኩት የአንዱን ጠርቼ የሌላውን ብተው ስለሚከፋኝ ነው። ስሙ ያልተጠራ ሁሉ ቅር እንዳይለው፤ ከላይ የቀረ ወንድም ወይም እኅት ካለ ስልኬን ስለምታውቁት ደውላችሁ ውቀሱኝ። በተለይ በየካቲት በዚያ ከባድ በረዶ መኪናችን ስትቆም ገፍታችሁ ያወጣችሁልን ሁለት ወጣቶች፣ ፊታችሁን እንጂ ስማችሁን አልያዝኩም፤ ያን ቀን ልጆቼን ይዤ ነበርና ያደረጋችሁት ትልቅ ነገር ነው።

የመስከረም 1 የአዲስ ዓመት ዝግጅታችን ላይ እማማ ይመጣሉ፤ ዶሮ ወጡ በርበሬው እንዲቀነስ ለባለቤቴ ነግሬያለሁ። ልታመሰግኗቸው የምትፈልጉ ሁሉ ቤታችን ክፍት ነው። የዓመት ትኬት ልትገዙ አስባችሁ ያመነታችሁም እዚያው እንነጋገራለን፤ ከእኛ ረድፍ በስተኋላ ያሉት ወንበሮች ገና አልተያዙም።

እንኳን ለ1996 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የሴናተርስ ደጋፊ ከነቤተሰቡ
ኦታዋ፣ ጳጉሜን 1995 ዓ.ም.