ባለቀለም የብር ሳንቲሞችን ስለመያዝ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣
ደሴና ኮምቦልቻ

ወፍ፣ ቢራቢሮና አበባ በቀለም የታተመባቸውን፣ ከብር ማዕድን የተሠሩ ሳንቲሞች ከእኛ የገዛችሁ አንዳንዶቻችሁ «ጠቆረብን፣ አጽዱልን» እያላችሁ ታመጣላችሁ። አናጸዳም፤ እናንተም አታጽዱ።

ልማዱ ከጠገራ ብር የመጣ ይመስለናል። ማሪያ ቴሬዛን በአመድና በሎሚ ቢፈትጓት ትችላለች፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር፣ የቀረው ባመዛኙ መዳብ ስለሆነ ጠንካራ ናት፤ የተሠራችውም ለገበያ ነው። የእናንተ ሳንቲም ግን ከ1000 እጅ 999 ወይም ከ10000 እጅ 9999 ንጥር ነው። ንጥር ብር ለስላሳ ነው፤ እንደ መስታወት የሚያበራው ገጽ በጥጥ ጨርቅ እንኳ ይጫራል፣ ጭረቱም አይጠፋም። ቀለሙ ደግሞ ቅርጹ ከወጣ በኋላ ከላይ የታተመ ስስ ሽፋን ነው። አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሊያነሳው ይችላል። ብር ለማንጻት የሚሸጠው ፈሳሽም ከጥቁረቱ ጋር የብሩን ገጽ ይበላና ያፈዘዋል።

የሚያጠቁረው ድኝ ነው። አየር ላይ ያለው ጥቂት የድኝ ጋዝ ብሩን መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ሲቆይ ጥቁር ያደርገዋል፤ እርጥበት ያፋጥነዋል። ስለዚህ ከወጥ ቤትና ከላምባ ጭስ አርቁት። በጎማ ላስቲክ አትሰሩት፣ በሱፍ ወይም በጋዜጣ አትጠቅልሉት። ከሁሉ የከፋው ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራው ለስላሳ ኪስ ነው፤ ጊዜ ሲያልፍ አረንጓዴ፣ የሚያጣብቅ ነገር ይለቃል። ከመጣበት ጠንካራ ክብ ማቀፊያ ሳታወጡ፣ እርጥበት የሚመጥ የሲሊካ ከረጢት አብራችሁ በሚገጥም ሣጥን አስቀምጡት። ማውጣት ግድ ከሆነ እጃችሁን ታጥባችሁና አድርቃችሁ ጠርዙን ብቻ ያዙ።

በክረምት ከደሴ ብርድ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ይዛችሁት ከወረዳችሁ፣ እስኪሞቅ ድረስ አትክፈቱት። የቀዘቀዘ ብር ላይ ጤዛ ያርፋል።

እውነተኛ ብር መሆኑን ለማወቅ ብላችሁ አንጥረኛ ዘንድ በድንጋይ እያስፈተጋችሁ አታስፈትኑት። የአንድ አውንስ ሳንቲም 31.1 ግራም መመዘን አለበት፤ ስፋቱንም ከምስክር ወረቀቱ ጋር አመሳክሩ። ማግኔት ብቻውን አያሳምንም፣ መዳብና እርሳስም አይሳቡም።

ነጭ ነጠብጣብ ከወጣበት መንስኤው ከማምረቻው ነው፤ የእናንተ አያያዝ አይደለም፣ ማስለቀቂያም የለንም።

መልሰን ስንገዛ ቀለሙ የተነሳውን ወይም የተፈተገውን በብር ክብደቱ ብቻ እንተምናለን። በማቀፊያው ውስጥ ትንሽ ቢጫ የሆነውን ግን እንደ ደህና ሳንቲም እንቀበላለን። ሣጥኑንና ምስክር ወረቀቱን አብራችሁ አምጡ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር