እግሬ ደኅና ነው፤ የታመመው ልቤ ነው

ይድረስ ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣

በአደባባይ የምጽፍልዎ በመዝገብ ቤትዎ በኩል ካስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች አንዱም መልስ ስላላገኘ ነው። ሁለተኛውን ሳስገባ የመጀመሪያው ጠፍቷል ተባልኩ። ሦስተኛው «ኮሚቴ እያየው ነው» ከተባለ አምስት ወር አለፈው። የኮሚቴው አባል ማን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

የጠየቅሁት ትልቅ ነገር አይደለም። በግቢዎ ውስጥ፣ ከሕንፃው መግቢያ አጠገብ፣ የተሽከርካሪ ወንበር ምልክት የተቀባባቸው ሁለት የመኪና ማቆሚያዎች አሉ። ለጉዳይ ስመጣ አሮጌዋን ቪትዜን ከሁለቱ በአንዱ ላይ እንዳቆም ፈቃድ ይሰጠኝ ነው ያልኩት።

ማስረጃው እጃችሁ ላይ ቢሆንም ሕመሜን ልንገርዎ። በልጅነቴ ቶንሲል ይመላለስብኝ ነበር። ገጠር ያደገ ሰው እንደሚያውቀው፣ ጉሮሮ ሲያም ዳማከሴ ተጨምቆ ይጠጣል እንጂ ጤና ጣቢያ አይኬድም። ሳይታከም የቀረው የጉሮሮ ሕመም መጀመሪያ መገጣጠሚያዬን አሳበጠው፤ ውሎ አድሮ የልቤን ቫልቭ አጠበበው። ዛሬ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ እወጋለሁ፤ በየቀኑ ውሃ የሚያስወጣ ኪኒን እውጣለሁ። ሜዳውን ቀስ ብዬ እሄደዋለሁ፤ ክፍል ገብቼም አስተምራለሁ። ዳገትና ደረጃ ግን ትንፋሼን ይቆርጡታል፤ በእኛ ደጋ ደግሞ አየሩ ራሱ ስስ ነው። ከውጭው በር እስከ ሕንፃዎ መግቢያ አርባ ሦስት ደረጃ አለ። እንደ እኔ የታመመ ሰው ደረጃ ይቆጥራል።

ይህን ፈቃድ ልጠይቅ ወይስ ልተው እያልኩ ሁለት ዓመት ሙሉ አመንትቻለሁ። «አካል ጉዳተኛ» የሚለው ስም ከበደኝ፤ ተማሪዎቼ ምን ይሉኛል፣ ጎረቤት ምን ይላል ብዬ ተጨነቅሁ። ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን ኅሊናዬ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ድረስ መጥቶ የነበረ አገር ላይ ነው የምንኖረው። እግሩን ያጣ ሰው እያለ በሁለት እግሬ ቆሜ የእርሱን ቦታ መሻማት ነውር መሰለኝ።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ የራስዎ ግቢ ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ስደርስ ጥበቃው «እታለም፣ እግርሽ ደኅና ነው፤ ውጭ አቁሚና ግቢ» አለኝ። ደረጃውን ጀመርኩ። ሃያኛው ላይ ዐይኔ ጨለመብኝ፤ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ። ባለጉዳዩ በጎኔ እያለፈ ይወጣል። ትንሽ ቆይቶ በሁለት ክራንች የሚሄዱ አንድ አዛውንት ቁና ቁና እየተነፈሱ መጡና ከአጠገቤ ተቀመጡ። ጋቢያቸው በላብ ርሶ ከአንገታቸው ላይ ተጣብቋል። ያመጣቸው ባጃጅ ከበሩ ተመልሷል። «ልጄ፣ አንቺንም አላስገቡሽም?» አሉኝ። ቀና ብዬ ወደ ማቆሚያው አየሁ። በሁለቱም ቦታ ላይ የጽሕፈት ቤቱ ፒካፖች ቆመዋል፤ የአንደኛው ጎማ የተሽከርካሪ ወንበሩን ሥዕል ግማሽ ሸፍኖታል። እኔ ለእኚህ አባት ብዬ ሁለት ዓመት የተውኩት ቦታ ለእሳቸውም አልተሰጠም ነበር።

በዚያው ሳምንት አመለከትኩ።

ሠራተኛዎ በቃል የሰጡኝ መልስ «ሲያዩሽ ጤነኛ ነሽ፤ አካል ጉዳት ማለት እግር፣ እጅ፣ ዐይን ነው» የሚል ነው። ሕጉን እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ላይ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ መግቢያ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ብቻ ሳይሆን፣ መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉም ምቹ ይሁን ብሎ ደንግጓል። እኔ ይህችኛዋ ነኝ። አገራችን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም የሚናገረው ስለ ረጅም ጊዜ ጉዳትና ጉዳተኛውን ስለሚያግደው መሰናክል ነው። ጉዳቱ ከውጭ መታየት አለበት የሚል ቃል የለበትም። በእንግሊዝ አገር እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በዐይን የማይታይ ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ይህን መሰሉን የማቆሚያ ፈቃድ ማመልከት ይችላሉ።

«ሰው ብትልኪስ?» ብለውኛል ደግሞ። ባለጉዳይዋ በአካል ቀርባ ትፈርም የሚለው የእናንተው ቅጽ ነው! ልጄን ብልክ ይመልሷታል፤ ራሴ ስመጣ ደረጃው ይመልሰኛል። በዚህ እጅግ ተቆጥቻለሁ፤ መቆጣቴንም ልደብቅዎ አልፈልግም።

ፒካፖቹ ከሁለቱ ቦታዎች ላይ ይነሡ። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ የእርስዎን አንድ ትእዛዝ ብቻ ይጠይቃል። ክራንች የያዘ ሰው የመጣበት ባጃጅም እስከ መግቢያው ይግባ። የእኔን ማመልከቻ ደግሞ ይፍቀዱት ወይም ይከልክሉት፤ ብቻ መልሱ በጽሑፍ፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት ይሁን። ከከለከሉኝ ይግባኝ የምልበት ወረቀት በእጄ ይኖራል።

በዚህ ወር የመጨረሻው ሰኞ ጠዋት ለዚያው ጉዳይ እመጣለሁ። ሃያኛው ደረጃ አካባቢ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ የተቀመጠች ሴት ካዩ እኔ ነኝና ወርደው ያነጋግሩኝ።

አንዲት መምህርት
ሰሜን ሸዋ