አባባ፣ ያንን ሁሉ ጦር ማን ይቀልበው ነበር?

ለምወድዎ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ሰሞኑን የደሴ ብርድ በርትቷል አሉ፣ ጋቢዎን ደረብ ያድርጉ። እኛ እዚህ ኮምቦልቻ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹም ደህና ናቸው።

ባለፈው በስልክ «የሌለ አገር መንግሥትና ጦር መጻፍ ምን ይረባል፣ ያለን ታሪክ አንሶ ነው?» ብለውኛል። ጥያቄው ከልቤ አልወጣም። በስልክ ልመልስልዎ ብል አይሆንም። ሃረጎን ወጥቼ ቤት ስመጣ ደግሞ ቡናው አለ፣ ጎረቤቱ አለ፣ ዜናው አለ፣ ወሬያችን ይቆራረጣል። ስለዚህ ልጻፍልዎ አልኩ። ረዘም ይላል፣ እየከፈሉ ያንብቡት።

በልብ ወለዴ ወንዛር ያልኩት ግዛት በየትኛውም ካርታ ላይ የለም። ሰባት ደጋ፣ ሦስት ትልልቅ ወንዝ፣ አንድ ንጉሠ ነገሥት አለው። ሕዝቡን፣ ሕጉን፣ ዙፋኑን ሁሉ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ጦሩን ግን ያገኘሁት ከእርስዎ ነው።

እንዴት መሰለዎት፣ ስለ ጦር የሚጻፍ ልብ ወለድ አብዛኛው ሰይፍና ፈረስ ነው። ማታ ሰዉ ምን በላ የሚለውን የሚጽፍ ብዙም የለም። እርስዎ ግን ያን ሁሉ ዓመት በጦሩ ግምጃ ቤት ሠርተው ስለ ተኩስ አውርተውኝ አያውቁም። የሚያወሩኝ ስለ ኮቾሮ ነው፣ ስለ ጆንያ፣ ነቀዝ ስለበላው ስንዴ። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22። ልጅ ሆኜ የማባዛት ሰንጠረዥ ሳልይዝ ይህን ይዤ ነበር። ካደግኩ በኋላ ታሪክ ሳነብ የነገሥታቱ ዕጣ የተወሰነው ብዙ ጊዜ እርስዎ በሚያውቁት ክፍል ውስጥ ሆኖ አገኘሁት።

ሒሳቡን ይዩልኝ። የወንዛር ንጉሠ ነገሥት 20,000 ወታደር ያዘምታል። አንድ ሰው በቀን አንድ ኪሎ እህል ቢበላ በቀን 200 ኩንታል ማለት ነው። ለ30 ቀን 6,000 ኩንታል። አንድ በቅሎ አንድ ኩንታል ይጫን ብንል 6,000 በቅሎ ይፈልጋል። በቅሎውም ይበላል፣ ነጂውም ይበላል። መንገዱ ከረዘመ ጭነቱን የሚጨርሱት ተሸካሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። እና ያ ሁሉ ጦር በሁለተኛው ወር ምን ይበላል? ከመንገድ ዳር ካለው ገበሬ ቤት ነዋ! መጽሐፌን የጀመርኩት ከዚህ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ የወንዛርን መንግሥት ያቆምኩት በጎተራ ላይ ነው። ሰይፉ የንጉሠ ነገሥቱ ነው፣ እህሉ ግን የብቻው አይደለም። የጎተራ ጉባኤ የሚባል አለ፣ ሰባት ሰው ነው፣ ከየደጋው አንዳንድ። ሦስቱን ንጉሡ ይሾማል፣ አራቱን ገበሬው ይመርጣል። ጉባኤው እህሉን ቆጥሮ «ይበቃል» ካላለ ክተት አይታወጅም። እያንዳንዱ ጎተራ ደግሞ ሁለት ቁልፍ አለው፣ አንዱ በንጉሡ ሹም እጅ፣ አንዱ በአገሬው ሰው እጅ። ይህንንም ከእርስዎ ነው የወሰድኩት። ግምጃ ቤቱ ሁለት ቁልፍ ነበረው፣ አንዱን እርስዎ አንዱን አዛዡ ትይዛላችሁ፣ አንዱ ያለ ሌላው አይከፍትም ይሉን ነበር።

የምወዳት ገጸ ባሕርይ የአገሬውን ቁልፍ የያዘች መበለት ናት። ስም አልሰጠኋትም፣ ሁሉም «ባለቁልፏ» ነው የሚላት። ማንበብ አትችልም። ክር ትቋጥራለች። የገባውን በቀይ ክር፣ የወጣውን በጥቁር። ቁናውን ሞልታ አፉን በክንዷ ጠረግ ታደርጋለች፣ ከዚያ አንድ ቋጠሮ። የጦር አዛዡ ፈረሱ ላይ ሆኖ «ቶሎ በይ» ይላታል። እሷ ቀና ብላ አታየውም። ቁናው አፉ ካልተጠረገ አይቆጠርም። አባባ፣ ያቺ ሴትዮ እርስዎ ነዎት። ስጽፋት ሳቅ ሳቅ ይለኝና ወዲያው ደግሞ ዕንባዬ ይመጣል።

የጦሩን አሰላለፍ ከእኛው ነው የቀዳሁት። ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኛዝማቹ በቀኝ፣ ግራዝማቹ በግራ። ማዕረጉ ራሱ የሰፈሩ ካርታ ነው፣ ሌላ መፍጠር አላስፈለገኝም። አንድ ነገር ግን ጨመርኩ። በድሮው ዘመቻ ወፍጮ ተሸክመው፣ እየፈጩ፣ እየጋገሩ የሚከተሉት ሴቶች ማዕረግ አልነበራቸውም። በወንዛር አላቸው። የወፍጮ አለቃዋ ከቀኛዝማቹ እኩል ትቀመጣለች፣ «ጦሩ ዛሬ አይንቀሳቀስም፣ ዱቄት የለም» ካለች አይንቀሳቀስም።

«ያለን ታሪክ አንሶ ነው?» ላሉት፣ አላነሰም። እንዲያውም ወንዛርን ያቆመልኝ እሱ ነው። ወረኢሉን ይውሰዱ፣ እዚሁ ወሎ ያለችውን። በ1888 ዓ.ም. መስከረም ምኒልክ ክተት ሲያውጁ የሸዋውን ሰው በጥቅምት አጋማሽ ወረኢሉ ላይ ነው የቀጠሩት። አዝመራው እየደረሰ ነው፣ መንገዱ እየደረቀ ነው፣ ጊዜው የተቆጠረ ነው። አድዋ ላይ ደግሞ ወደ 100,000 የሚጠጋ ጦር ይዘው ስንቁ እየተሟጠጠ ነበር። ጥቂት ቀን ቢቆይ ሊበተን ይችል ነበር። የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ባራቲየሪም ስንቅ አልቆበት ነበር፣ ከሮም ደግሞ «ምን ትጠብቃለህ» ይሉታል። እና ወጣ። የካቲት 23 የሆነውን ሁሉም ያውቃል፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ሁለቱም ሰፈር ጆንያውን እያየ እንደነበር ግን የሚያነሳው ጥቂት ነው።

ይህ ሁሉ የሆነው ደግሞ ክፉ ቀን አልፎ ብዙ ሳይቆይ ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ የሚያርስ በሬ ጠፋ፣ ሰዉ ረገፈ። ምኒልክ በዚያው ዘመን አሥራት የጣሉት ወታደሩ ገበሬው ቤት ገብቶ ተቀላቢ መሆኑ እንዲቀር ብለው ነበር። አሥራቱ ተከፍሎም ወታደሩ ቶሎ ከቤት አልወጣም፣ እሱ ሌላ ጉድ ነው። የወንዛር ጉባኤ የተወለደው ከዚህ ነው፤ ሕጉ ወጥቶ የሚያስከብረው እጅ ሲጠፋ ምን ይሆናል ብዬ።

ከሁሉም በላይ ግን አጼ ቴዎድሮስ ናቸው የያዙኝ። ወታደሩ ደመወዝ ይከፈለው፣ ገበሬውን አይብላ ብለው ቀድመው ያሰቡት እሳቸው ናቸው። ገንዘቡ ከየት ይምጣ? አገሩ ሲያምጽ ግብሩ ቀረ፣ ግብሩ ሲቀር ጦሩ ያው ገበሬው ላይ ተመለሰ፣ ገበሬው ይበልጥ አመጸ። ጋፋት ላይ ያሠሩትን መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝን ብረት፣ በዚያ ገደል መንገድ እየቀደዱ ከደብረ ታቦር መቅደላ ድረስ በሰው ጉልበት ሲያስጎትቱ ወራት ፈጀ። በዚያ ወቅት የእንግሊዙ ጦር አዛዥ እነ ናፒየር ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ወደብ ሠርተው፣ ሐዲድ ዘርግተው፣ 13,000 ወታደርና 44 ዝሆን አውርደው ይመጣሉ። እህሉንና መኖውን በጠገራ ብር ከገበሬው እየገዙ ነው የመጡት። ገበሬውም ሸጠላቸው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ንጉሡ የቀራቸው ጦር ጥቂት ሺህ ነበር። ጠላታቸው ገበሬውን ይከፍለዋል፣ የራሳቸው ጦር ይዘርፈዋል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ደረቴን ይጨንቀኛል፤ ምን እንደሚያስፈልግ ቀድሞ የገባቸው ሰው እኮ ናቸው።

የእኔው አምስተኛው ንጉሠ ነገሥትም እንዲህ ነው። ክፉ ሰው አላደረግኩትም። ጎበዝ ነው፣ አገሩን ይወዳል፣ ሁለት ጦርነት አሸንፏል። ያሸነፈው በጉም ጠሪዎቹ ነው። ደሴ ያደገ ሰው ይህን ለመፍጠር አይቸገርም፣ ጦሳ ሲጠፋ፣ ፒያሳ ቆመው ማዶ ያለውን ሰው ሳያዩት ድምፁን ሲሰሙ። በወንዛር ጉሙን በዜማ የሚጠሩ መነኮሳት አሉ። ጉሙ ጠላት ላይ ይወርዳል፣ የወንዛር ጦር መንገዱን በቃሉ ያውቃል፣ በጉሙ ውስጥ ገብቶ ይመታል። ማንም አይችለውም።

ግን ጉሙ ከወረደ ቶሎ አይነሳም። ከጦርነቱም በኋላ ማሳው ላይ ይተኛል። ገብሱ ፀሐይ አያገኝም፣ በቁሙ ይሻግታል። ድሉ በመጣ ቁጥር ጎተራው ይጎድላል። ጉባኤው «በዚህ ዓመት አይበቃም» አለ። ንጉሡ ደግሞ «ጠላት ድንበር ላይ ነው» አለ፣ እውነቱን ነው። ጉባኤውን በተነና ሁለተኛውን ቁልፍ ለራሱ ሹም ሰጠ። ባለቁልፏ ክሯን ይዛ ቤቷ ገባች። ከዚያ በኋላ መጋዘኑ ሲከፈት የሚቆጥር የለም። አዛዡ የሚለውን ይወስዳል፣ ሲያልቅ ገበሬው ቤት ይገባል። ሦስተኛው ዘመቻ ላይ ፊታውራሪው ሊሰፍርበት ያሰበበት ወረዳ ሲደርስ ቤቱ ሁሉ ባዶ ነው። ምድጃው ቀዝቅዟል፣ ወፍጮውን እንኳ ተሸክመውት ሄደዋል። ጦሩ እዚያ ሦስት ሌሊት አደረ፣ ከዚያ በየአቅጣጫው ተበተነ። ጠላት አንድም ጦር ሳይወረውር ገባ።

«እና የመጨረሻው ጦርነት የታለ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፣ ሌላውም ሰው ብሎኛል። የለም አባባ። አልጽፈውም። አንድ ረቂቁን ያነበበ ሰው ትልቅ ውጊያ ጨምሪበት፣ አንባቢ ያንን ነው የሚፈልገው አለኝ። እኔ ግን የባዶውን ወረዳ ምዕራፍ ሦስት ጊዜ እጥፍ አስረዘምኩት። በእኛ በኩል ያለፈውን ጦርነት አብረን አይተናል። ከተኩሱ ይልቅ እኔ ውስጥ የቀረው የተዘጋው ወፍጮ ቤት ነው። ስለሱ አሁን አላበዛም።

ስለ አይጠየፍ ልጨምርና ላቁም። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አዳራሽ ልጅ ሆኜ እርስዎ ነበሩ የወሰዱኝ። በወንዛር ዋና ከተማም እንደዚያ ያለ የግብር አዳራሽ አለ። ሌላ ሰው ዙፋን ያለበትን ክፍል ነው የሚጽፈው፣ እኔ የመንግሥቱን ነገር ሁሉ የማሳየው ግብሩ ላይ ነው። ማን ከንጉሡ ስንተኛ ተቀመጠ፣ ሥጋው መጀመሪያ ለማን ቀረበ፣ ጠጁ የት ጋ አለቀ። የአምስተኛው ንጉሥ ዘመን ሲጀምር ባለቁልፏ ከቀኙ ሦስተኛ ናት። መጽሐፉ ሲጋመስ በሩ አጠገብ ናት። ኋላ ቦታዋ ላይ አንድ ጉም ጠሪ ተቀምጧል። ስለ ሹም ሽር ምንም አልተናገርኩም፣ አንባቢው ግን መንግሥቱ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ያየዋል ብዬ አምናለሁ።

አሁን የምፈልገው እርዳታ ነው። መጻሕፍት ላይ የማላገኛቸው ነገሮች አሉ። እህል በጆንያ አንድ ክረምት ሲቀመጥ ነቀዙ ስንቱን ይበላል፣ ጉድለቱንስ እንዴት አድርገው ይመዘግቡ ነበር? አዛዡ ቁልፉን ይዞ ሌላ ቦታ ቢሄድና ጦሩ ቢራብ ምን ይደረግ ነበር? ያልተፈረመበት ሞዴል 22 ይዞ መሣሪያውን ታጥቆ የመጣ ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? ካጋጠመዎት ምን አሉት? ባለቁልፏ ለአዛዡ የምትመልሰው መልስ ላይ ተይዣለሁ፣ የጻፍኩላት ንግግር ሁሉ ረዘመብኝ። እርስዎ አጭር ነገር ይሉ እንደነበር እገምታለሁ።

ደብተር ላይ በእጅዎ ይጻፉልኝ፣ ፊደሉ ቢንቀጠቀጥም አነበዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ፊደሉን አተልቄ አትሜ ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ። ሒሳቡ ያልተስማማዎት ቦታ ላይ በቀይ ያስምሩበት፣ በተለይ የበቅሎዎቹን መኖ።

እማዬን ሳሙልኝ። መድኃኒቷን ከምግብ በኋላ ትውሰድ በሏት።

ልጅዎ፣
ከኮምቦልቻ