ጎልማሶች «እናቴ» ስለሚሏቸው ሰው

ዋሽንግተን ዲሲ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ቅዳሜ ማታ ስትደውዪ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ፊልም እያየሁ ነው፣ ነገ እደውላለሁ» ብዬሽ ነበር። እሑድ ስደውል ግን ምን እንዳየሁ ሳልነግርሽ ወሬውን ወደ ሌላ አዞርሁት። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ስለከበደኝ፣ በስልክ ተቻኩዬ ከማበላሸው ረጋ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንሁ።

በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አሉ። የሥጋ ዘመድ ሲጠይቃቸው አይቼ አላውቅም፤ ነገር ግን በየሳምንቱ አራት አምስት ጎልማሶች ምግብ ይዘው ይመጣሉ፣ ጥፍራቸውን ይቆርጡላቸዋል፣ እግራቸውን በቅባት ያሹላቸዋል፤ ሁሉም የሚጠሯቸው «እናቴ» ብለው ነው። መዝገባቸው ላይ የተጻፈው ግን «ወንድ» የሚል ነው። በእኛ ቋንቋ «እሳቸው» ስንል ወንድ ሴት ሳንለይ ማክበራችን ስለሆነ፣ ስለ እኚህ ሰው በአማርኛ መጻፍ አላስቸገረኝም። ቅዳሜ በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ የወጣትነት ዓለማቸውን የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ለነዋሪው በነፃ ይታይ ስለነበር፣ ተሽከርካሪ ወንበራቸውን እየገፋሁ አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቁኝ።

ፊልሙ «ፓሪስ ኢዝ በርኒንግ» ይባላል። ጄኒ ሊቪንግስተን የተባለች ዳይሬክተር በ1980ዎቹ በኒው ዮርክ ቀርጻ በ1990 ያወጣችው ነው (ዓመቶቹን የምጽፍልሽ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ሃርለም በሚባለው የኒው ዮርክ የጥቁሮች ሰፈር አዳራሾች ሌሊቱን ሲካሄድ ስለሚያድረው «ቦል» የሚባል ውድድር ይተርካል። ተወዳዳሪዎቹ ጥቁሮችና ላቲኖዎች ናቸው፤ ከፊሎቹ ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅሩ ወንዶች፣ ከፊሎቹ ደግሞ ሲወለዱ ወንድ ቢባሉም ራሳቸውን ሴት ብለው የሚያውቁ ናቸው። አጊጠው በአዳራሹ መካከል ይራመዳሉ፣ ዳኞች እስከ 10 ነጥብ ይሰጧቸዋል፣ ያሸነፈ ዋንጫ ይወስዳል። ልቤን የነካኝ የውድድር ዓይነት ሙሉ ሱፍ ለብሶ፣ ቦርሳ ይዞ፣ የትልቅ መሥሪያ ቤት ኃላፊ መስሎ መቅረብ ነው። በዚያ ዘመን እንደነሱ ያለ ድሃ ጥቁር እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጥበት በር ስላልነበረው፣ «ዕድሉን ባገኝ እኔም ይህን እሆን ነበር» ብሎ ለአንድ ሌሊት ያስመሰክራል።

እማዬ፣ አንቺ ብታይው ዓይንሽ መጀመሪያ የሚያርፈው ስፌቱ ላይ ነበር። ዶሪያን ኮሪ የሚባሉት ታላቃቸው፣ መስታወት ፊት ተቀምጠው ፊታቸውን ቀስ ብለው እየተኳሉ የድሮውን ዘመን የሚያወጉት፣ የመድረክ ልብስ በመስፋት የታወቁ ነበሩ። በራሳቸው እጅ የሠሩትን ባለ ላባና ባለ ፈርጥ ቀሚስ ሳይ፣ ለሰው ሙሽራ ቬሎ ለማድረስ ሲንጀርሽ ላይ አጎንብሰሽ የምታነጊባቸው ሌሊቶች ትዝ አሉኝ።

ተወዳዳሪዎቹ የሚሰለፉት በ«ሃውስ» ነው፤ ቤት ማለት ነው። እያንዳንዱ ቤት እናት ወይም አባት አለው፣ አባላቱም የቤቱን ስም ከስማቸው ቀጥለው ይጠሩበታል። ክሪስታል ላቤይዣ የተባሉት ጥቁር ተወዳዳሪ በ1967 በተካሄደ የቁንጅና ውድድር ዳኝነቱ ለነጮች ያደላል ብለው በአደባባይ ተቃወሙ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያም በስማቸው የሚጠራውን የመጀመሪያውን ቤት መሠረቱ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ተከተሉ። ወደነዚህ ቤቶች ከሚመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ ወላጆቻቸው ያባረሯቸው ነበሩ። እኛስ ቤተሰብ የምንለው የቤት ሰው ማለታችን አይደል? በአገራችንስ ደም ሳይገናኝ የጡት ልጅ ይኮን የለም?

ቬነስ ኤክስትራቫጋንዛ የምትባል ቀጭን ልጅ ነጭ ለብሳ በቤተ ክርስቲያን ማግባት እንደምትመኝ ትናገራለች። ፊልሙ ሳያልቅ፣ በ1988 በ23 ዓመቷ ታንቃ ተገደለች፤ ገዳይዋ እስከ ዛሬ አልተያዘም። አስከሬኗን የሚለይ ዘመድ ሳይገኝ ቀርቶ፣ ፎቶዋ የቀረበላት የቤቷ እናት አንጂ ነበረች። ለወላጅ ቤተሰቧ መርዶውን ያረዳችውም እሷ ናት። ይህን ስሰማ አለቀስሁ። አንጂም ወጣት ሳለች በ1993 ሞተች፤ ዶሪያን ኮሪም በዚያው ዓመት። ሁለቱንም የወሰዳቸው ከኤድስ ጋር የተያያዘ ሕመም ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሰው፣ አንድ ፊት በመጋረጃው ላይ ብቅ ባለ ቁጥር በሹክሹክታ ስሙን ጠርተው የሞተበትን ዓመት ይነግሩኝ ነበር፤ መድኃኒቱ ከመገኘቱ በፊት ያለቁት የእርሳቸው ልጆችም ጥቂት አይደሉም።

ከፊልሙ በኋላ በነበረው ውይይት፣ ሰዎቹን የቀረጸቻቸው ከውጭ የመጣች ነጭ እንደሆነችና ፊልሙ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ካስገባ በኋላ የታዩት ሰዎች ድርሻቸውን መጠየቃቸው ተነሣ። በመጨረሻ 55 ሺህ ዶላር ያህል ለ13 ሰዎች ተከፋፈለ፤ በእኔ አስተያየት በጣም ጥቂት ነው። ደግሞም ነገሩ በኒው ዮርክ ብቻ የነበረ አይደለም። በሜሪላንድ ከባርነት የወጣው ዊልያም ዶርሲ ስዋን እኛ ስደተኞቹ በሞላንባት በዚህች በዋሽንግተን በ1880ዎቹ እንዲህ ያለ ግብዣ ያዘጋጅ ነበር። በ1888 ፖሊስ ግብዣውን ሰብሮ ገብቶ የሳቲን ቀሚስ እንደለበሰ ያዘው፤ በ1896 ደግሞ ታስሮ ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድን ምሕረት ቢለምን ተከለከለ።

ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረውን አውቃለሁ፣ አንቺም እንደምትጸኚበት አውቃለሁ፤ የጻፍሁልሽም ልከራከርሽ አይደለም። እንዲያውም ሌሊቱን ሙሉ የታወሰኝ የራሳችን ቤት ነው። እኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አባቱ በሌሊት አውጥቶ የጣለውን የጎረቤታችንን ልጅ አስገብተሽ፣ ከስፌት መኪናሽ አጠገብ ፍራሽ ዘርግተሽለት፣ ሁለት ዓመት ከእኛ ጋር አንድ መሶብ እንዲቆርስ አደረግሽው። ዘርፍ መጥለፍም አስተማርሽው። ሰፈሩ ሲያማሽ አንድም ቀን መልስ ስትሰጪ አልሰማሁም። ለምን እንደተባረረ አልጠየቅሁሽም፣ አንቺም አልነገርሽኝም።

ለመስቀል ስመጣ፣ ፈቃድሽ ከሆነ፣ ያን ሌሊት በሩን ሲያንኳኳ ምን እንዳለሽ ንገሪኝ። እስከዚያው ግን ዛሬ የት እንዳለ የምታውቂ ከሆነ፣ አድራሻውን ለእኅቴ ነግረሽ አስልኪልኝ።

ልጅሽ