ስለ አንድ ድምፅ አልባ የጠንቋዮች ፊልም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እስቲ አንዳንዴ ስለ አሮጌ ፊልሞችም ጻፉልን! ሰሞኑን ቶድ ብራውኒንግ እ.ኤ.አ. በ1925 ለኤምጂኤም የፊልም ኩባንያ የሠራውን «ዘ ሚስቲክ» አየሁት። ዛራ የምትባል የሃንጋሪ ካርኒቫል (ከከተማ ከተማ የሚዞር የትርኢት ቡድን) ጠንቋይ ከነግብረ አበሮቿ አሜሪካ ትሻገርና ሙት እናነጋግራለን እያሉ ሀብታም ያልባሉ፤ መብራት ይጠፋል፣ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ «መንፈሱ» ከች ይላል። ደስ ያለኝ፣ ፊልሙ ተንኮሉን ለእኛ ይገልጥልናል እንጂ አብሮ አያታልለንም። ብራውኒንግ ራሱ በወጣትነቱ ከካርኒቫል ጋር የዞረ፣ ከነነፍሱ እየተቀበረ ትርኢት ያሳየ ሰው ስለሆነ ሙያውን ከውስጥ ያውቀዋል። ጊዜውም ዝነኛው አስማተኛ ሁዲኒ ሐሰተኛ ሙት ጠሪዎችን እያሳደደ የሚያጋልጥበት ነበር።

መጨረሻው ግን አልዋጠልኝም፤ ያ ሁሉ አጭበርባሪ ድንገት ልቡ ይራራል?

እንደኔ ፊልም ለሚሰበስብ ሰው ዋናው ዛራን ሆና የምትሠራው የኤይሊን ፕሪንግል ልብስ ነው። የልብስ ዲዛይነሩ ኤርቴ ነው የነደፈው፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ሆኖም ዓይን ይይዛል። የቆዩ ፊልሞችን በዲስክ የሚያሳትመው ክራይቴሪየን እ.ኤ.አ. በ2023 ከ«ፍሪክስ» እና ከ«ዘ አንኖውን» ጋር በአንድ ጥቅል አውጥቶታል። ሦስቱም የብራውኒንግ ስለሆኑ ለየብቻ ከማሳደድ ያድናል። ሌላ ያየው አንባቢ ካለ እባካችሁ አስተያየቱን አውጡልን።

የዘወትር አንባቢያችሁ