የመኪና ጥገና ክበብ ዘገባ፦ የፍሬን ቱቦ የቀየርንበት ዓመት

የክበባችንን ዓመት አንድ ሥራ ዋጠው ማለት ይቻላል። የሞተር ዘይት መቀየር፣ ባትሪ መፈተሽ፣ ጎማ ፈቶ ማሰር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አለቀ። የቀረውን ጊዜ ያሳለፍነው ለመለማመጃ በተሰጠችን አሮጌ መኪና ሥር ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ግፊቱን በዘይት ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሱትን የፍሬን ቱቦዎቿን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀየርን።

«ለአንድ ቱቦ ይህ ሁሉ ጊዜ?» ያሉኝ ባልደረቦች ነበሩ። አዎ፣ ይገባዋል። ፍሬን ላይ «ለጊዜው ይበቃል» የሚባል ጥገና የለም። ተማሪዎቼ ይህን በእጃቸው ሠርተው እንዲረዱት ፈልጌ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በተራ ምርመራ ነው። መኪናዋን በክሪክ አነሳን፣ በጠንካራ መደገፊያ ብረቶች ላይ አሳረፍናት። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም አይገባም፤ የክበቡ የመጀመሪያ ሕግ ይኸው ነው። ከኋላ ጎማዎች አጠገብ ቱቦው ቡናማ ሆኖ ተላልጧል። አንዷ ተማሪ በብረት ብሩሽ ቀስ ብላ ስትጠርገው ሥሩ እርጥብ ሆኖ ተገኘ። የፍሬን ዘይት ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሥራው እስኪያልቅ መኪናዋ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

ቱቦው የሚዝገው በየቦታው እኩል አይደለም። የብዙ አሮጌ መኪኖች የፍሬን ቱቦ ከብረት የተሠራ ነው፤ ላዩ ላይ ስስ መከላከያ ቅብ አለው። ከመንገድ የሚፈናጠር ጠጠር ቅቡን ይገጥበዋል። ጭቃና ውኃ ደግሞ ቱቦውን ከሻንሲው ጋር በያዙት ማቀፊያዎች ውስጥ ይታጎራል፣ ቶሎ አይደርቅም። በጨው አካባቢ ሲሆን ይብሳል። ስለዚህ ከላይ ደህና የሚመስል ቱቦ ማቀፊያው ሲነሳ ተበልቶ ይገኛል። ተማሪዎቹ ማቀፊያ ሳይፈቱ «ደህና ነው» ማለትን ያቆሙት ይህን ካዩ በኋላ ነው።

የፊዚክስ መምህራችን አንድ ከሰዓት መጥተው የፓስካልን ሕግ፣ ማለትም የተዘጋ ፈሳሽ ግፊትን በየአቅጣጫው እኩል እንደሚያስተላልፍ፣ እዚያው መኪናዋ አጠገብ አስረዱልን። ከልብ እናመሰግናቸዋለን። ምሳሌያቸው ቀላል ነበር። የፍሬን ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ቱቦዎቹ የሚገፋው ክፍል) ፒስተን ስፋቱ 3 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆንና በ300 ኒውተን ቢገፋ፣ ግፊቱ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 100 ኒውተን ይሆናል። ጎማው ዘንድ ያለው ፒስተን 18 ካሬ ሴንቲ ሜትር ከሆነ 1800 ኒውተን ይደርሰዋል። ያው ግፊት ግን የቱቦውን ግድግዳም በየአቅጣጫው ይገፋል። በእውነተኛ መኪና ላይ አሽከርካሪው በኃይል ሲረግጥ ግፊቱ ከ70 ባር ሊያልፍ ይችላል፤ አንድ ባር በካሬ ሴንቲ ሜትር 10 ኒውተን ነው። የመኪና ጎማ የሚነፋው 2 ባር ገደማ ነው። የቱቦው የውጭ ዲያሜትር 4.75 ሚሊ ሜትር ብቻ፣ ግድግዳው ደግሞ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ መሆኑ ሲታሰብ ዝገቱ ምን እንደሚያሳጣው ግልጽ ሆነ።

ከዚያ ክርክር ተነሳ። ከፊሎቹ የተበላውን ቦታ ብቻ ቆርጠን በማያያዣ እንቀጥለው አሉ። ለውኃ መስመር የሚሠራው ተጨምቆ የሚይዝ ማያያዣ እኮ በእጃችን አለ ብለው ተሟገቱ። እኔ አልተስማማሁም። ያ ማያያዣ ለፍሬን ግፊት አልተሠራም። ደግሞም ቱቦዎቹ ሁሉ እኩያ ናቸው፤ የደከመው ቦታ ሲጠገን ተራው የሚቀጥለው ደካማ ቦታ ነው። ሐሳቡን ያመጣው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ራሱ የቀሩትን ማቀፊያዎች ፈትቶ ካየ በኋላ ሁሉም ይቀየር አለ። ከላስቲክ የተሠሩት ተጣጣፊ የፍሬን ቱቦዎችም ተሰነጣጥቀው ስለነበር አብረው ወጡ።

አዲሱ ቱቦ ከምን ይሁን? ብረት ጠንካራ ነው፣ ግን ለማጠፍ ያስቸግራል፣ ተመልሶም ይዝጋል። ንጹሕ መዳብ በእጅ ይታጠፋል፣ ነገር ግን ንዝረት ሲበዛበት እየደረቀ ሊሰነጠቅ ይችላል። የመረጥነው 10 በመቶ ገደማ ኒኬል ያለበትን የመዳብ ቅይጥ ነው። እንደ ብረት አይዝግም፣ ለተማሪ እጅም ይታዘዛል።

ዓመቱን የበላው የቱቦውን አፍ ማበጀት ነው። ቱቦው ጫፉ ላይ እንደ መለከት አፍ ተከፍቶ፣ ወደ ውስጥ ታጥፎ ድርብ መሆን አለበት። ዘይቱን የሚያግደው ይህ አፍ ነው እንጂ ቱቦውን መቀመጫው ላይ የሚያስረው ብሎን ጥርስ አይደለም። ሌላ ዓይነት፣ ክብ እብጠት የመሰለ አፍ ያላቸው መኪኖችም አሉ። ሁለቱ አይለዋወጡም፤ አንዱን በሌላው መቀመጫ ላይ ማሰር መፍሰስን መጋበዝ ነው። የእኛዋ ባለ ድርብ አፍ ነች።

ስለዚህ መኪናዋን ከመንካታችን በፊት በቁርጥራጭ ላይ ተለማመድን። ቱቦው በመጋዝ ሳይሆን በቱቦ መቁረጫ ይቆረጣል። ሻካራው ጠርዝ ይጸዳል፣ ብናኙ ይወጣል። ብሎኑ ቀድሞ ይገባል፤ አፉ ከተሠራ በኋላ ማስገባት አይቻልም። በዚህ ያልተያዘ ተማሪ የለም! የተሰነጠቀ፣ የተጣመመ፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ አፍ ሁሉ ወደቀ። ጥሩውንና መጥፎውን ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ቸነከርናቸው። በዓመቱ መጀመሪያ ካቻቢቴ ጨብጣ የማታውቅ የ9ኛ ክፍል ተማሪ በመጨረሻ የሌሎቹን ሥራ የምትመረምር እሷ ሆነች። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

አሮጌውን ስናወርድ መጀመሪያ መንገዱን ፎቶ አንስተን በወረቀት ሣልን። የዛጉትን ብሎኖች ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አጠጥተን አሳደርናቸው። በተራ ቁልፍ ብንታገላቸው ጠርዛቸው ተልጦ ይሾር ነበር፤ ዙሪያውን አቅፎ የሚይዘው የቱቦ ቁልፍ አዳነን። የወጣው ቱቦ አልተጣለም፣ ለአዲሱ ልኬት ሆነ። አዲሱ ከጭስ ማውጫው ርቆ፣ ከሚንቀሳቀስ ነገር ሳይነካካ፣ በየማቀፊያው በቀድሞው ቦታ ታሰረ።

ዘይቱን በተመለከተ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈውን ተከተልን፤ ዶት 4 ይላል። ዶት የፍሬን ዘይት ደረጃ መጠሪያ ነው። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፣ ዶት 3 ደግሞ እስከ 205። ሁለቱም ከአየር እርጥበት ስለሚስቡ ተከፍቶ ከቆየ ዕቃ አልተጠቀምንም። በሲሊኮን የሚሠራው ዶት 5 ስሙ ቢቀራረብም ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም። ዘይቱ ቀለም ይልጣል፣ ዓይንም ይጎዳል። መነጽርና ጓንት ያላደረገ አልሠራም። አሮጌው ዘይት በተዘጋ ዕቃ ተጠራቀመ እንጂ ቦይ ውስጥ አልፈሰሰም።

ቱቦዎቹ ሲቀየሩ ውስጣቸው የገባውን አየር ማስወጣቱ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ፔዳል ይረግጣል፣ ሌላው ጎማው ዘንድ ያለችውን ማስወጫ ይከፍታል። «ርገጥ!» «ያዝ!» «ዘጋሁ፣ ልቀቅ!» ሲባባሉ ግቢው ይሰማቸው ነበር። ፔዳሉ የሚለቀቀው ማስወጫው ከተዘጋ በኋላ ነው፤ አለበለዚያ አየሩ ተመልሶ ይገባል። የመኪናዋ መመሪያ እንደሚያዘው ከማስተሩ በጣም ከሚርቀው ጎማ ጀመርን። አንድ ተማሪ ሥራው የዘይት ማጠራቀሚያው እንዳይጎድል መጠበቅ ብቻ ነበር።

ፔዳሉ ሲጠነክር ጨረስን አላልንም። አንዱ አጥብቆ ረግጦ ቆየ፣ ሌሎቹ በየመጋጠሚያው ደረቅ ወረቀት አስጠጉ። አንዱ ወረቀት ረጠበ። ያን አፍ ቆርጠን እንደገና ሠራነው። በመጨረሻ ከውጭ የመጣ ባለሙያ መካኒክ ሁሉንም ከመረመረ በኋላ ነው መኪናዋ በግቢው ውስጥ በዝግታ የተነዳችው። መሪውን የያዘው እሱ ነበር፤ ይህን ለተማሪ አልሰጥም።

በሚቀጥለው ዓመት የኋላውን ፍሬን ሸራና የእጅ ፍሬኑን ገመድ እንይዛለን። የቱቦው ሥዕልና የአፎቹ ሰሌዳ በክበቡ ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው። መመዝገብ የምትፈልጉ በትምህርት መጀመሪያ ሳምንት ወደ እኔ ኑ፤ የቀደመ ልምድ አልጠይቅም።