8 ኦም ተብሎ ስለተሸጠልኝ ባለ 4 ኦም ካቢኔትና ስለተከለከልኩት የዋስትና ጥገና የቀረበ ቅሬታ

ለሽያጭና ጥገና አገልግሎት ክፍል ኃላፊ

ከድርጅታችሁ የገዛሁት የቤዝ አምፕሊፋየር የውጤት ክፍሉ በመቃጠሉ በዋስትናው መሠረት እንዲጠገንልኝ ላቀረብኩት ጥያቄ፣ መሣሪያው ከተፈቀደለት ዝቅተኛ ኢምፔዳንስ (ስፒከር ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው ተቃውሞ፤ በኦም ይለካል፣ ኦሙ ባነሰ ቁጥር አምፕሊፋየሩ ላይ ያለው ጫና ይከብዳል) በታች በሆነ ጭነት ስለሠራ ጉዳቱ የተጠቃሚው ጥፋት መሆኑን የሚገልጽ የጽሑፍ መልስ ደርሶኛል። የጥገና ባለሙያችሁ የደረሰበትን ግኝት አልቃወምም፤ አምፕሊፋየሩ በእርግጥ ከ4 ኦም በታች ሠርቷል። የምቃወመው ከግኝቱ የተወሰደውን ውሳኔ ነው፤ ጭነቱን ከ4 ኦም በታች ያወረደው ድርጅታችሁ 8 ኦም ብሎ የሸጠልኝ፣ ሲለካ ግን 4 ኦም ሆኖ የተገኘው ካቢኔት (የስፒከር ሳጥን) ነውና።

አምፕሊፋየሩ ጀርባው ላይ የሚችለው ዝቅተኛ ጭነት 4 ኦም መሆኑ በግልጽ ተጽፎበታል። ከግዢው በፊት ይህንኑ ጠቅሼ ሁለት ካቢኔቶችን አንድ ላይ ማሠራት እንደምፈልግ በጽሑፍ አሳውቄ ነበር፤ የሽያጭ ክፍላችሁም አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች ያሉትን አንድ ካቢኔትና አንድ ባለ 15 ኢንች ስፒከር ያለውን ሌላ ካቢኔት ራሱ መርጦ፣ እያንዳንዳቸው 8 ኦም ስለሆኑ በፓራለል (ከረንቱ ለሁለቱ ተከፍሎ እንዲሄድ ጎን ለጎን) ሲገናኙ 4 ኦም እንደሚሆኑ በጽሑፍ አረጋግጦልኛል። ስሌቱ እንከን የለውም፤ በሁለቱም ካቢኔቶች ጀርባ የተለጠፈው ወረቀትም 8 ኦም ይላል።

ሆኖም ከመጀመሪያው ጀምሮ ባለ 15 ኢንቹ ካቢኔት ከሌላው እጅግ ጎልቶ ይሰማ ነበር። ይህንን ለአገልግሎት ክፍላችሁ ባመለክት ትልቅ ስፒከር ጮክ ማለቱ የተለመደ ነው ተባልኩ። አሁን ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባለ 4 ኦም እና ባለ 8 ኦም ካቢኔቶች በፓራለል ሲገናኙ ከኃይሉ ሁለት ሦስተኛው ወደ ባለ 4 ኦሙ፣ አንድ ሦስተኛው ብቻ ወደ ባለ 8 ኦሙ ይሄዳል። ቀጥሎም አምፕሊፋየሩ ድምፁ ከፍ ሲል በመከላከያ ዑደቱ አማካይነት ራሱን ያጠፋ ጀመር።

በዚህ ጊዜ ከአገልግሎት ክፍላችሁ የተሰጠኝ ምክር ለዚህ ደብዳቤ ሌላው ምክንያት ነው። በመጀመሪያ ከጀርባው ያለውን የኢምፔዳንስ መምረጫ ወደ 2 ኦም እንዳዞር ተነገረኝ። እንዲህ ያለው መምረጫ የሚገኘው በአብዛኛው የውጤት ትራንስፎርመር ባላቸው የቫልቭ (የቫኩም ቱቦ) አምፕሊፋየሮች ላይ ሲሆን፣ የእኔው በትራንዚስተር የሚሠራ ስለሆነ የሚዞር ነገር የለውም። ቀጥሎ ሁለተኛውን ካቢኔት ከአምፕሊፋየሩ ነቅዬ በመጀመሪያው ካቢኔት ትርፍ ሶኬት ላይ ብሰካው ጭነቱ እንደሚቀል ተመከርኩ። ይህም ስሕተት ነው። የእነዚህ ካቢኔቶች ሁለት ሶኬቶች፣ እንደ አብዛኞቹ ካቢኔቶች ሁሉ፣ እርስ በርስ በፓራለል የተያያዙ በመሆናቸው ገመዱ በየትኛውም መንገድ ቢሄድ አምፕሊፋየሩ የሚያየው ኢምፔዳንስ ያው ነው። በመጨረሻም ካቢኔቶቹ ብዙ ዋት ስለሚችሉ ችግር እንደማይኖር ተነገረኝ፤ የካቢኔት ዋት ግን ስፒከሩ ሳይቃጠል የሚሸከመውን ኃይል እንጂ አምፕሊፋየሩ የሚገጥመውን ጭነት አይናገርም። የቤዝ መሣሪያ በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ዋትና ኦም ሲምታቱ ማየት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያሳስባል።

አምፕሊፋየሩ ጨርሶ ድምፅ ካቆመና የመቃጠል ሽታ ከሰጠ በኋላ ካቢኔቶቹን በገለልተኛ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ አስለካሁ። በመልቲሜትር ሲለኩ ባለአራት ስፒከሩ 6.1 ኦም፣ ባለ 15 ኢንቹ 3.4 ኦም አሳዩ። መልቲሜትር የሚለካው የስፒከሩን የሽቦ ጥቅል የዲሲ ሬዚስታንስ (ለቀጥተኛ ከረንት ያለውን ተቃውሞ) ስለሆነ ንባቡ ከተሰየመው ኢምፔዳንስ ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ 6 ኦም አካባቢ ያነበበ ካቢኔት ባለ 8 ኦም ነው። 3.4 ያነበበ ግን በምንም መንገድ ባለ 8 ኦም ሊሆን አይችልም። ባለሙያው የባለ 15 ኢንቹን ብሎኖች ፈትቶ ስፒከሩን ሲያወጣም በማግኔቱ ጀርባ 4 ኦም የሚል ማኅተም ተገኝቷል። የስፒከር ቁጥር የካቢኔት ቁጥር አይደለም የሚል መከራከሪያ ብዙ ስፒከር ላለው ሳጥን ይሠራል፤ እዚህ ግን በሳጥኑ ውስጥ ያለው አንድ ስፒከር ብቻ ስለሆነ የእሱ ኦም የካቢኔቱ ኦም ነው።

ስለዚህ አምፕሊፋየሩ የገጠመው 4 ኦም ሳይሆን 2.67 ኦም ገደማ ነበር። በተመሳሳይ ቮልቴጅ ይህ ማለት በ4 ኦም የሚያልፈው ከረንት አንድ ተኩል እጥፍ በውጤት ትራንዚስተሮቹ ውስጥ ያልፋል ማለት ነው፤ ባለሙያችሁ ተቃጥለው ያገኛቸውም እነዚሁ ትራንዚስተሮች ናቸው።

የዋስትና ክፍላችሁ ተጠቃሚው የካቢኔቶቹን ኢምፔዳንስ የማረጋገጥ ግዴታ እንዳለበት ጠቅሷል። የአምፕሊፋየሩ መመሪያ የሚያዘው ግን በካቢኔቱ ላይ የተጻፈውን አንብቦ ማስላትን ነው፤ ያንን አድርጌአለሁ፣ የሽያጭ ክፍላችሁም አድርጓል። ገዢ የተለጠፈውን ቁጥር ማመን ከሌለበት ቁጥሩ የሚለጠፍበት ምክንያት አይገባኝም። ስሕተቱ ሆን ተብሎ ተፈጽሟል አልልም፤ መነሻው መጋዘን ይሁን ፋብሪካ ግን የእኔ ዕዳ ሊሆን አይገባም።

በመሆኑም አምፕሊፋየሩ ያለ ክፍያ እንዲጠገንልኝ ወይም እንዲቀየርልኝ፣ ባለ 15 ኢንቹ ካቢኔትም ተለክቶ በተረጋገጠ ባለ 8 ኦም ካቢኔት እንዲተካልኝ እጠይቃለሁ። ቅያሪው ከመድረሱ በፊት አምፕሊፋየሩ ቢመለስልኝ ባለአራት ስፒከሩን ካቢኔት ብቻ አገናኝቼ እሠራበታለሁ፤ ጭነቱ 8 ኦም ስለሚሆን የሚያወጣው ኃይል ቢቀንስም ጉዳት አይደርስበትም። ከዚህ በተጨማሪ ከእኔው ጋር አብረው የገቡ ተመሳሳይ ካቢኔቶች ካሉ እንዲለኩና ገዢዎቻቸው ጥንድ አድርገው ከማገናኘታቸው በፊት እንዲነገራቸው አሳስባለሁ፤ ሁለት እንዲህ ያሉ ካቢኔቶች አንድ ላይ ቢገናኙ ጭነቱ እስከ 2 ኦም ይወርዳል።

የሽያጭ ማረጋገጫውን፣ የተለጠፈውን ወረቀትና የማግኔቱን ማኅተም የሚያሳዩ ፎቶግራፎች፣ እንዲሁም የባለሙያውን የልኬት ውጤት አባሪ አድርጌአለሁ። ካቢኔቱ ስፒከሩ ተመልሶ ታስሮበት በእጄ ስለሚገኝ የእናንተ ባለሙያ በፊቴ ሊለካው ይችላል። መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር